«ፎቶ ክልክል ነው» ያለው ማነው?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሶስቱን መረጥኩ፣ ሳላስበው ሶስቱም ባቡር ጣቢያ ሆኑ። አንዱ ከአሜሪካ ነው፣ አንዱ ከለንደን፣ አንዱ ከዚሁ ከአዲስ አበባ። የመጀመሪያውን ሳነበው በጣም ነው ያናደደኝ፣ ስለዚህ መልሱ ረዘም ብሏል፣ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። እኔ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ የማነሳ ልጅ ነኝ፣ በአዘቦት ቀን ሌላ ስራ አለኝ። በቅርቡ ታናሽ እህቴ ነርሲንግ ተመርቃ በሀበሻ ቀሚስ ላነሳት ብዬ አንድ ትልቅ ባቡር ጣቢያ ወሰድኳት፣ አዳራሹ ጣሪያው ሩቅ ነው፣ ከሰዓት በኋላ በመስኮቱ የሚገባው ፀሀይ ነጭ ልብስ ላይ ሲያርፍ ሌላ ነገር ነው። አንድ ላይት ከነስታንዱ ይዤ ነበር። ሀያ ደቂቃ እንኳን ሳናነሳ ሴኩሪቲ መጣና እዚህ ፎቶ ማንሳት በፌደራል ህግ ክልክል ነው አለ፣ ከዛ ያነሳኸውን አጥፋ አለኝ። እህቴ በስልኳ ያነሳችውንም አጠገቧ ቆሞ እያየ አንድ በአንድ አስጠፋት። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወረቀታችን ገና ፕሮሰስ ላይ ስለሆነ ሌላ ጣጣ እንዳይመጣብን ብለን አጥፍተን ወጣን። እውነት እንደዚህ የሚል ህግ አለ ወይ? ፎቶዎቹስ በቃ ቀሩ ማለት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ እህትህን እንኳን ደስ አለሽ በልልኝ። ለአንተ ደብዳቤህ በደረሰኝ ቀን በኢሜይል ጽፌልሃለሁ ምክንያቱም ጊዜ የሚሰጥ ነገር አልነበረም፣ እዚህ የምደግመው እንዲህ ለገጠመው ሌላ ሰው ብዬ ነው። አይፎን ከሆነ ፎቶዎቹ ያሉበት ገብታችሁ ወደ ታች ስትወርዱ «ሪሰንትሊ ዲሊትድ» የሚል ፎልደር ታገኛላችሁ፣ የጠፋ ፎቶ እዛ 30 ቀን ይቀመጣል፣ የምር የሚጠፋው ከዛ በኋላ ነው። ጉግል ፎቶስ ከሆነ ደግሞ «ትራሽ» ውስጥ ነው፣ ባክአፕ የተደረገ ከሆነ 60 ቀን ይቆያል። የካሜራህን ካርድ አውጣና አስቀምጠው፣ አንድም ፎቶ እንዳታነሳበት። ካሜራ ላይ ዲሊት ስትል የሚሰረዘው ፎቶው የቱ ጋ እንዳለ የሚናገረው መዝገብ ነው እንጂ ፎቶው ራሱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዛው ካርዱ ላይ ተኝቷል፣ በሪከቨሪ ሶፍትዌር ይወጣል። እኔ አንዴ የሰው ክርስትና ሙሉውን በስህተት አጥፍቼ እንቅልፍ አጥቼ አድሬ በዚህ መንገድ ከሞላ ጎደል ሁሉንም አውጥቻለሁ።

አሁን ወደ ህጉ። ሴኩሪቲው የነገረህ ልክ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ህዝብ በሚገባበት የጣቢያ ክፍል ፎቶ ማንሳትን የሚከለክል የፌደራል ህግ የለም። ያለው የየጣቢያው ባለቤት የሚያወጣው ደንብ ነው፣ እሱም ቢሆን አብዛኛው ይፈቅዳል። የኒውዮርክ ሰብዌይ፣ ማለት የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ደንብ ፎቶም ቪዲዮም ይቻላል ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ላይት፣ ሪፍሌክተር (ብርሃን መላሽ ሰሌዳ) እና ትራይፖድ (ባለ ሶስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ግን አይቻልም ይላል። የዋሽንግተኑ ሜትሮ ለግልህ በእጅ በያዝከው ካሜራ ካነሳህና የሰው መንገድ ካልዘጋህ ፈቃድ አውጣ አይልህም። ከከተማ ከተማ ሰው የሚያጓጉዘው የባቡር ድርጅት አምትራክም ህዝብ በሚዘዋወርበት ቦታ ይፈቅዳል፣ ባቡር የሚሳፈሩበት ፕላትፎርም ላይ ለመውረድ ግን ትኬት ሊኖርህ ይገባል።

ልብ ካልክ ደንቦቹ ጠበቅ የሚሉት መሳሪያው ላይ ነው። ምክንያቱም ባቡር ሊያመልጠው የሚሮጥ ሰው አይኑ ሰሌዳው ላይ ነው፣ የላይት ስታንድ እግር አያይም፣ ሻንጣው ይመታውና ላይቱም ሰውየውም ይወድቃሉ። ስለዚህ ሳልደብቅህ፣ ላይት በመትከልህ መጥቶ አንሳው ቢልህ ኖሮ ልክ ነበር። አንድ ነገር ልጨምር፣ እህትህን ማንሳትህ የግል ነው፣ ግን ሙሽሮች በክፍያ ይዘህ የምትሄድ ቀን ያ ኮሜርሻል ይባላል፣ ለዛ አስቀድመህ የህንጻውን አስተዳደር በጽሁፍ ማስፈቀድ አለብህ፣ የኢንሹራንስ ወረቀት አምጣ የሚሉም አሉ።

ማጥፋቱ ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። የግል ጥበቃ አቁም ሊልህ ይችላል፣ ውጣ ሊልህ ይችላል፣ አልወጣም ካልከው ፖሊስ ሊጠራ ይችላል። ስልክህን መቀበል ወይም ፎቶህን ማስጠፋት ግን አይችልም። ፖሊስ እንኳን ሰው ይዞ ስልኩን ለመበርበር የፍርድ ቤት ማዘዣ እንደሚያስፈልገው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 በሙሉ ድምጽ ወስኗል። እና እህትህ እጇ እየተንቀጠቀጠ አንድ በአንድ ያጠፋችው ማንም የማዘዝ ስልጣን ሳይኖረው ነው፣ እኔን ያናደደኝም ይሄ ነው።

በእናንተ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 የዋሽንግተን ዩኒየን ስቴሽን ውስጥ አንድ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ የአምትራክን ቃል አቀባይ ኢንተርቪው ያደርጋል፣ ጥያቄው እዚህ ፎቶ ማንሳት ይፈቀዳል ወይ የሚል ነበር፣ ሰውየው ይፈቀዳል እያለ ባለበት ሴኩሪቲ መጣና ካሜራውን አጥፉት እዚህ መቅረጽ ክልክል ነው አላቸው። ሁሉም ነገር ተቀርጿል። ለምን እንደዚህ ሆነ ብትል ያ ጣቢያ ያኔ ብዙ ጌታ ስለነበረው ነው፣ ህንጻው የፌደራል መንግሥት፣ ባቡሩ የአምትራክ፣ ሱቆቹን የሚያስተዳድር ሌላ ድርጅት፣ ከስር ያለው ሜትሮ ደግሞ ለብቻው። የአንዱ ደንብ የሌላው ጥበቃ ጆሮ አይደርስም ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ደግሞ ኒውዮርክ ፔን ስቴሽን ፕላትፎርም ላይ አንድ ሰው ባቡር ሲያነሳ የአምትራክ ፖሊስ ያዘው፣ ሰውየው ፎቶውን የሚያነሳው ለማን መሰላችሁ፣ አምትራክ ራሱ በየዓመቱ ለሚያዘጋጀው የፎቶ ውድድር ነበር። ክሱ በኋላ ተነስቶለታል።

ይሄ ሁሉ የመጣው ከሴፕቴምበር 11 በኋላ ካሜራ የያዘ ሰው ሁሉ እንዲጠረጠር ስለተደረገ ነው። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ2004 ሰብዌይ ውስጥ ፎቶ ጭራሽ ይከልከል የሚል ሀሳብ አቅርባ ነበር፣ ህዝቡ ጮኸ፣ ፎቶግራፈሮች ሰብዌይ ገብተው ካሜራቸውን እያነሱ ተቃወሙ፣ በዓመቱ ሀሳቡ ተሰረዘ። እና ያኔ የታሰበው ክልከላ ሳይወጣ ቀረ፣ ግን ክልክል ነው የሚለው ወሬ በጥበቃውም በተሳፋሪውም ጭንቅላት ቀረ። እኔ ጥፋቱን ቆሞ በሚውለው ሰው ላይ ብቻ አልጥልም። ከኛ ሰው ስንቱ ነው አሜሪካ በሴኩሪቲ ስራ ሌሊት እየቆመ ልጆቹን ያሳደገው፣ አጎቴም አንዱ ነበር፣ ስራ የጀመረ ቀን ካሜራ የያዘ ሰው ካየህ አስቁም ብለውት የተጻፈ ደንብ ግን አንድ ወረቀት እንኳን እንዳልሰጡት ነግሮኛል። ደንቡን ሳያስተምሩ ሰው የሚያቆሙት አለቆች ናቸው መጠየቅ ያለባቸው።

በሚቀጥለው ምን ታደርጋለህ? ከመሄድህ በፊት የጣቢያውን ደንብ ከራሳቸው ገጽ ላይ ስልክህ ላይ አስቀምጥ። ከመጡብህ ድምጽህን ሳትጨምር የትኛው ደንብ ነው ልታሳየኝ ትችላለህ በለው፣ አንዳንዴ ይሄ ብቻ ይበቃል። አጥፋ ካለህ አላጠፋም ግን እወጣለሁ በለው። ውጣ ካለህ ውጣ፣ ልክ ባይሆንም ውጣ፣ ምክንያቱም የወረቀት ነገር አላችሁ፣ ፎርሞቹ ላይ ተይዘህ ታውቃለህ ወይ የሚል ጥያቄ አለ፣ ክስ ባይመሰረት እንኳን መመለስ አለበት። ለአንድ ፎቶ ብለህ እዛ ጥያቄ ላይ አዎ የምትልበትን ነገር አትፍጠር። ስሙን፣ ሰዓቱንና የቆማችሁበትን ቦታ ውጭ ወጥተህ ጻፍና ለጣቢያው አስተዳደር አቤቱታ አስገባ። አሁንም ቢሆን አልመሸም፣ ጻፍላቸው።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ባቡር ሲባል ነፍሱ ነው፣ የባቡሩን ቁጥር ሳይቀር ደብተር ላይ ይመዘግባል። ካሜራ ከተገዛለት ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጣቢያ ካልሄድኩ ይላል። አባቱ ይሂድ ባይ ነው፣ እኔ ግን ጥቁር ልጅ ካሜራ ይዞ ከጣቢያ ጣቢያ ሲዞር ፖሊስ ያስቆምብኛል ብዬ እሰጋለሁ። ብከለክለው አጠፋሁ? እናት ከለንደን።

መልስ፦ እህቴ፣ አይከልክሉት። እንግሊዝ ሀገር የልጅዎ ፍቅር ስም ያለው ነገር ነው፣ ትሬይንስፖተር ይሏቸዋል፣ ከአያት የተወረሰ ነው፣ ፕላትፎርም ጫፍ ላይ ቴርሞስና ደብተር ይዘው የሚቆሙትን ሽማግሌዎች አይተዋቸው ይሆናል። ትላልቆቹን ጣቢያዎች የሚያስተዳድረው ኔትወርክ ሬይል ለነሱ ብሎ ያወጣው መመሪያ አለ። ሲገቡ ሪሴፕሽን ሄደው መጥተናል ይበሉ ይላል፣ ከቢጫው መስመር ወዲህ ይቁሙ፣ የደህንነት ካሜራና መሰል እቃ አያንሱ ይላል፣ ፍላሽ ደግሞ በጭራሽ። የፍላሹ ነገር የባቡር ነጂው አይን ላይ ስለሚበራበት ነው፣ ወደ ፕላትፎርም እየገባ ላለ ነጂ ለአንድ ሰከንድ ማየት አለመቻል ቀላል ነገር አይደለም። የልጅዎ ካሜራ አውቶ ላይ ከሆነ ጨለም ሲል ፍላሹ በራሱ ይበራል፣ ሜኑው ውስጥ ገብታችሁ ዝጉት።

እኔ ልጅዎን ባገኘው ከፖሊሱ በፊት የማስፈራራው በኤሌክትሪኩ ነው። ከላይ የተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት ነው፣ ሳይነኩትም ከተጠጉት ዘሎ ይይዛል፣ ስለዚህ ሰልፊ ስቲክም ሆነ ረጅም ዘንግ ወደ ላይ ማንሳት የለም። ከለንደን ወደ ደቡብ ባሉት መስመሮች ደግሞ መሬት ላይ ያለው ሶስተኛው ሀዲድ 750 ቮልት ይዟል፣ የሌንስ ክዳን ሀዲድ ላይ ከወደቀ ወደቀ ነው፣ ሰራተኛ ይጥራ እንጂ አይውረድ።

የፖሊሱ ስጋትዎ ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። የመንግሥቱ የራሱ አሃዝ በየዓመቱ የሚያሳየው ጥቁር ሰዎች ከነጮች ይልቅ እየተለዩ እንደሚፈተሹ ነው፣ እና አትፍሪ ብዬ ላታልልዎ አልፈልግም። ድሮ ደግሞ የባሰ ነበር። እ.ኤ.አ. የ2000ው የሽብርተኝነት ህግ አንቀጽ 44 የሚባል ነበረው፣ ፖሊስ ምንም ጥርጣሬ ሳይኖረው በተመደበ ቦታ ማንንም አስቁሞ እንዲፈትሽ ይፈቅዳል፣ ለንደን ከተማ ሙሉዋን ለዓመታት በየ28 ቀኑ እያደሱ የተመደበ ቦታ አድርገዋት ነበር። ካሜራ የያዘ ሰው አበሳውን አየ፣ ቱሪስት ሳይቀር። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2010 ባለው አንድ ዓመት ከ100,000 ሰው በላይ በዚህ አንቀጽ ተፈትሾ በሽብር የተያዘ አንድ ሰው አልተገኘም። ጃንዋሪ 2010 ላይ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ይሄ የሰውን የግል ህይወት ይጥሳል ብሎ ፈረደ፣ በዚያው ወር ፎቶግራፈሮች ትራፋልጋር አደባባይ ተሰብስበው እኔ ፎቶግራፈር ነኝ አሸባሪ አይደለሁም አሉ፣ በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ የወቅቱ የሀገር ውስጥ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ በዚህ አንቀጽ ሰውን እንዲሁ አስቁሞ መፈተሽ እንዲቀር አደረጉ።

አሁን ከዚያ ህግ በአዘቦት ቀን የሚሰራበት አንቀጽ 43 ነው፣ ለዚህ ፖሊሱ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሊኖረው ይገባል። ከፈተሸ ካሜራው ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች ማየት ይችላል፣ እዚህ ላይ ከአሜሪካ ይለያል፣ ማጥፋት ግን አይችልም፣ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ማንም አይችልም። ልጅዎ ሶስት ነገር በቃሉ ይያዝ፣ በምን ህግ ነው የምትፈትሸኝ ብሎ መጠየቅ፣ የፍተሻውን ወረቀት ስጠኝ ማለት፣ እናቴ ጋ ልደውል ማለት። አይሩጥ፣ አይመልስ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሶስት ቅዳሜዎች አብረውት ቢሄዱ ደስ ይለኛል፣ ለጥበቃ ብቻ ሳይሆን የሪሴፕሽኑ ሰዎች ፊቱን እንዲለምዱት። ያ የሪሴፕሽን ሰላምታ ተራ ነገር ይመስላል እንጂ ተሳፋሪ አንድ ልጅ ካሜራ ይዞ ቆሟል ብሎ ሲጠቁም እሱን እናውቀዋለን የሚል ሰው እዛ ውስጥ ይኖራል ማለት ነው። ሽማግሌዎቹን ትሬይንስፖተሮች ደግሞ ያስተዋውቁት፣ የትኛው ባቡር በስንት ሰዓት እንደሚገባ ከነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም፣ ብቻውንም አይቆምም።

ጥያቄ፦ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነኝ። ለገሃር በሰራሁባቸው ዓመታት በራሴ ካሜራ ያነሳኋቸው አንድ ካርቶን ሙሉ ፎቶዎች አሉኝ፣ ነጂዎች፣ ቲኬት ቆራጮች፣ ጋራዥ ውስጥ ዘይት የተቀቡ ልጆች። ብዙዎቹ አርፈዋል። ልጄ ፌስቡክ ላይ እናውጣው፣ ኤግዚቢሽንም እናድርግ ይለኛል። የሰው ፊት ሳያስፈቅዱ ማውጣት በህግ ያስጠይቃል ወይ? የልጅ ልጆቼንስ ህንጻው ፊት ላነሳቸው እችላለሁ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ከህጉ ልጀምር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ህጋችን አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ አይታይም፣ አይባዛም፣ አይሸጥም ይላል። አንቀጹ የያዘው ማሳየቱን፣ ማባዛቱንና መሸጡን ነው። አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግበትን ይዘረዝራል፣ ሰውየው የታወቀ ከሆነ ወይም የመንግሥት ስልጣን ላይ ካለ፣ ለፍርድና ለፖሊስ ስራ ካስፈለገ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ጥቅም ከሆነ፣ ወይም ፎቶው ህዝብን ከሚመለከት ወይም በአደባባይ ከተደረገ ነገር ጋር የተያያዘ ከሆነ። የእርስዎ ካርቶን በኔ አስተያየት የባህልና የትምህርት ጥቅም የሚለው ውስጥ ይገባል፣ ያ መስመር ይህቺን ከተማ የሰራ መስመር ነው፣ ስሙ ራሱ ከፈረንሳይኛው ላ ጋር መጥቶ ለገሃር ሆኖ ሰፈር የሆነ። ካላንደር አሳትሞ መሸጥ ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል፣ እዛ ላይ በህይወት ያሉትን ያስፈቅዱ፣ ያለ ፈቃድ ከተሸጠ ሰውየው እንዲቆም ሊጠይቅ ይችላል፣ ፍርድ ቤትም ከተገኘው ጥቅም ካሳ ሊያስከፍል ይችላል።

ላረፉት አንቀጽ 30 አለ። ፎቶው መታየቱ የሟቹን ክብር ወይም መታሰቢያ የሚነካ ከሆነ ቤተሰቡ የመቃወም መብት አለው። ጋራዥ ውስጥ ዘይት ተቀብቶ የሚስቅ ወጣት ክብሩ የሚነካ አይመስለኝም፣ ባለቤቱ ብታየው የምታለቅስበት ፎቶ ነው። ሰክሮ የተነሳ ወይም ሲጣላ የተነሳ ካለ ግን ለብቻ ያስቀምጡት። አድራሻቸውን የሚያውቋቸውን ቤተሰቦች አስቀድመው ቢደውሉላቸው ህጉም ባያስገድድ ጥሩ ነው፣ ምናልባትም ስም የጠፋብዎትን ሰው እነሱ ይነግሩዎታል።

የልጅ ልጆችዎን ማንሳት ይችላሉ። አንበሳው ፊት ማለትም የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ጋ ከመንገድ ሆነው ሲያነሱ ችግር የለም፣ ጣልያን ሮም ወስዶት የተመለሰ አንበሳ ነው፣ ታሪኩንም ይንገሯቸው። ህንጻው በር ድረስ መግባት ከፈለጉ አካባቢው በግንባታ ላይ የከረመ ስለሆነ በሩ ላይ ያለውን ጥበቃ ካሜራውን ከቦርሳ ከማውጣትዎ በፊት ሰላም ይበሉት፣ ምድር ባቡር እንደሰሩ ይንገሩት፣ ይጠይቁት። ከፈቀደ ስሙን ይያዙ፣ ሌላው ፈረቃ ሲመጣ እገሌ ፈቅዶልኝ ነው ማለት ይጠቅማል። ካልፈቀደ የጽህፈት ቤቱን ቁጥር ይጠይቁትና ሌላ ቀን ይመለሱ።

የካርቶኑን ነገር አያቆዩት። ልጅዎ ስካን ሲያደርግ በ600 ዲፒአይ (ስካነሩ ላይ የሚመረጥ የጥራት መጠን ነው) ያድርገው፣ በስልክ ማንሳቱ ለፌስቡክ ይበቃል ለኤግዚቢሽን ግን አይበቃም። ከዛ በፊት ግን እርስዎ ይቀመጡና እያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ ላይ ስም፣ የስራ ክፍልና ዓመት ይጻፉ፣ በእርሳስ፣ ለስለስ ባለ እርሳስ። እስክሪብቶ ወደ ፊቱ ያልፋል። በቀን አስር አስር ቢጽፉ በቂ ነው፣ እጅዎ ሲደክም እርስዎ ይናገሩ፣ የልጅ ልጆችዎ ይጻፉ።